በእርሻ መካከል ያሉ ደሴቶች

ደሴት በውሃ የተከበበች ምድር እንደ ሆነች ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገሩን በቅኔ መንገድ ለሚመረምር ሰው ግን ቃሉ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ በባሕር መካከል ያለች ምድር ሲሆን፣ ወርቁ ከመሰሎቿ ሁሉ ተለይታ ብቻዋን የቀረች ናት። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ባሕር የላትም፤ ዙሪያዋን ግን በዚህ በሁለተኛው ትርጕም ደሴቶች ሞልተዋል። ከጉብታ ላይ ሆኖ ለተመለከተ ሰው፣ በማሳውና በግጦሹ መካከል አልፎ አልፎ ጠቈር ብለው የሚታዩት ጫካዎች የአብያተ ክርስቲያናት ዐጸዶች ናቸው።

በነዚህ ዐጸዶች ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶውና ብሳናው በየዐይነቱ ቆሟል። አባቶች ዛፉን ያቈዩት ለታቦቱ ክብር፣ ለሙታን ጥላ፣ ለተማሪ መጠጊያ ብለው ነው። በጐጃም የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቈጥር ሲነሣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከንቡ፣ ከአበባው፣ ከሐረጉ ምሳሌ ይለቅማል። ስለዚህ ዛፉ በጠፋ ጊዜ የሚጐድለው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ስሙን ይዞ መልኩን ያላየው ምሳሌ ይበዛበታል።

ደሴት መሆን ግን አደጋ አለበት። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የነገሩን ምክንያት ገልጸዋል። ትንሽ ደሴት ከትልቅ ደሴት ያነሰ ዐይነት ፍጥረት ትይዛለች፤ ከሌላው ምድር የራቀችውም የጠፋባትን የሚተካላት እንግዳ በቶሎ አታገኝም። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ሞሪሽየስ ለዚህ ምስክር ናት። ዶዶ የተባለው መብረር የማይችል ወፍ ከዚያች ደሴት በቀር በየትም አልነበረም፤ መርከበኞችና ከነርሱ ጋራ የገቡት እንስሳት ደሴቲቱን ካገኟት በኋላ፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሳይፈጸም ዘሩ ጠፋ። ይህችው ሞሪሽየስ ግን የተስፋም ምስክር ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በዱር የታወቁት 4 ብቻ የነበሩት የደሴቲቱ ጭልፊቶች፣ ሰዎች ጫጩት እያሳደጉ ስለ ለቀቁላቸው በመቶ ለመቈጠር በቁ። ደሴትን ያጠፋት የሰው እጅ እንደ ሆነ፣ የሚያድናትም ይኸው እጅ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደንም እንዲሁ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጐንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ያገኙት ግን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ከብት በሚገባበት ዐጸድ ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ እንደማያድግ፣ በታጠረበት ግን እንደሚበረክት ተመለከቱ። ሽማግሌ ዛፍ ቆሞ ሕፃን ዛፍ የሌለበት ደን፣ ልጅ እንደማይወለድበት መንደር ነው፤ ዛሬ ሙሉ መስሎ ይታያል፣ ነገ ግን ወራሽ የለውም። በዚያው አገር አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከዶክተሩ ጋራ በመተባበር አንዳንድ ደኖችን በድንጋይ ካብ አሳጠሩ። ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ ስለ ሆነ ደኑ ሲጠበቅ የገበሬውም እርሻ ጠራ።

በአዲስ ቅዳም ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በደከመው መሬቱ ላይ ከጤፍ ጋራ ይተክላል፤ በ4 ወይም በ5 ዓመት ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ ልጅ የሚያስተምረውን ሰው መንቀፍ አይገባም፤ ዛፉም መሬቱን ያዳብራል፣ አገሩንም አረንጓዴ አድርጎታል። ዳሩ ግን አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም። የዲከረንስ ጫካ አንድ ዘር፣ አንድ ዕድሜ ነው። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚመስል የዛፍ በሽታ በገባ ጊዜ የአንዱን ዛፍ ያገኘ የጎረቤቱንም አገኘ፤ ብዙ ተክል ደረቀ፤ በርሱ ላይ ተስፋውን የጣለ ብዙ ቤተ ሰብም ተጨነቀ።

ፈተናው በዐጸዱም ውስጥ አለ። በአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤው ስለ ጣራ እድሳት ሲመክር፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ተሽጠው በቦታቸው ባሕር ዛፍ ይተከል የሚል ሐሳብ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ተቃወሙ። ከጐልማሶቹ አንዱ፣ «የኔታ፣ ዝናቡ በመቅደሱ ውስጥ እየገባ ነው፤ ዛፉ ጣራ ይሆነናል ወይ?» አላቸው። ጥያቄው እውነት ስለ ነበረበት መምህሩ ወዲያው አልመለሱም። ቈይተው ግን፣ «ልጄ፣ ጣራው ገንዘብ በተገኘ ዓመት ይታደሳል፤ ይህን ወይራ ግን አንተም የልጅ ልጅህም አታደርሱትም። ኖኅ መርከቡን የሠራ ለአንድ ዐይነት እንስሳ አልነበረም፤ መርከቡ ቢያፈስስ ይለጥፈው ነበር እንጂ ጣራ ለመሥሪያ ብሎ እንስሳቱን አይሸጥም ነበር» አሉ። በመጨረሻም ለገንዘብ የሚሆነው ዛፍ ከዐጸዱ ውጭ ባለው መሬት እንዲተከል፣ ለጣራውም መዋጮ እንዲሰበሰብ ተስማሙ። መዋጮው ከባድ ነበር፤ ጣራውም ሁለት ክረምት ዘገየ።

ከኖኅ መርከብ ግን ሌላም ትምህርት አለ። መርከቡ የታነጸው ለዘላለም ተዘግቶ እንዲኖር አልነበረም፤ ውሃው በጐደለ ጊዜ በሩ ተከፍቶ እያንዳንዱ እንደ ወገኑ ወጥቶ ምድርን እንዲሞላ ነበር። ዐጸዱን ማጠር የሥራው እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ የወይራውንና የኮሶውን ዘር ለቅሞ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እጅ ችግኝ አፍልቶ፣ በየወንዙ ዳርና በየማሳው ድንበር መትከል ነው። እንዲህ ሲሆን ፍሬ የበላች ወፍ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው በዛፍ ጥላ ትሻገራለች፤ ዘሩንም በመንገዷ ትጥላለች። ገበሬውም በዲከረንሱ ዳር ጥቂት የአገር ዛፍ ቢቀላቅል፣ ከሰሉ ሳይቀርበት በሽታ ሲመጣ ሁሉ ነገሩ ባዶ አይቀርም። ሽማግሌዎችም የዛፎቹን ስም በአገውኛና በአማርኛ ለልጆች ቢያስተምሩ መልካም ነው፤ ስሙ የጠፋ ዛፍ ሲቈረጥ የሚጮኽለት የለምና።

ካህናት ቍልፉን ይዘዋል፤ ገበሬው ምድሩን ይዟል፤ የተማረው የከተማ ሰው ዕውቀቱን ይዟል። ሦስቱ ከተገናኙ ደሴቶቹ ይያያዛሉ። ካልተገናኙ ግን፣ ውሃው ጐድሎ ሳለ በሩን የሚከፍትላት አጥታ የተሸከመችውን ሁሉ በሆዷ እንደ ጨረሰች መርከብ ይሆናሉ።