«ጊቭ አፕ» እና አራት ትርጉሙ

በሉማሜ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ልጆች ረጅሙን ቃል በቃላቸው ይይዙታል፤ የሚያስቸግራቸው አጭሩ ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ትርጉሙ ይጠፋባቸዋል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ዝም አለ» ስንል ሰውየው ምንም እንዳላለ ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቃሉን ከነጓደኛው ማጥናት ይሻላል። ሲጋራን «ጊቭ አፕ» ያደረገ ተወ፤ ወንበሩን ለሽማግሌ «ጊቭ አፕ» ያደረገ ለቀቀ፤ ለጠላት «ጊቭ አፕ» ያደረገ እጁን ሰጠ። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣልያ እንቢ ያለው ይህንኑ ነው። አራተኛው ትርጉም ተስፋ መቁረጥ ነው። በፈተና ወድቆ ትምህርቱን ሊተው ለሚያስብ ልጅ፣ «ይህን ቃል አጥናው፤ በሥራ ላይ ግን አታውለው» እለዋለሁ።