የማትጠፋው ቢጫ መብራት

ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በክረምት ዝናብ በመኪና ወርዳችሁ እንደ ሆነ፣ ስለ ፍሬን ጥቅም ነጋሪ አያሻችሁም።

የአጎቴ መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታ በተለወጠ ማግስት፣ «ኤ.ቢ.ኤስ.» የምትባለው ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። መካኒኩ፣ «መኪናዋ ትሄድ የለም ወይ? አምፖሉን ነቅለን እንገላገል» አለ። አጎቴ ግን ልጆች የሚያመላልስ ሰው ነውና እንቢ አለ።

ይህ መሣሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በመርሴዲስ ላይ ያወጣው ሲሆን፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። የጎማውን ፍጥነት የሚነግረው ሴንሰር ነው። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ሴንሰሩ የሚያነበው በኩሽኔታው አንድ ጎን ብቻ ያለውን የማግኔት ቀለበት ነው። ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ ጎማው ይሽከረከራል፤ ሴንሰሩ ግን አንዳች አያነብም።

የእኛም ምሥጢር ይኸው ሆኖ ተገኘ። ኩሽኔታው ሲወጣ ስለ ተበላሸ ሌላ መግዛት ግድ ሆነ።

እንግዲህ እናንተ አስቀድማችሁ ቀጭን የወረቀት ማያያዣ ሽቦ በሁለቱም ጎን አስጠጉ፤ ሽቦውን የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዙር። መብራቷ ከበራችም ተራው ፍሬን ይሠራል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ምስክርን ዝም ማሰኘት ነገሩን አያስቀረውም።