የአድራሻው ባለቤት ማን ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፥ አድራሻ መጻፍና የአድራሻ ባለቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር በወረቀት ላይ ለመጻፍ የማይችል ተማሪ የለም፤ ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን የሚያወጣው ግን ቁልፉን በኪሱ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ከመካከላችሁ መሥሪያ ቤት የገባችሁትም፥ ማኅተምና ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሲመለስ ሳታዩ አልቀራችሁም። በወረቀት ነገር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በኢንተርኔት አካውንት ስንከፍት ጥንቃቄያችንን ከደጅ ጥለነው መግባታችን ይገርመኛል።

አካውንት ሲከፈት የሚደረገው እንዲህ ነው። ስም፥ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ጥንቁቅ የሆነ ድርጅት በተጻፈው ኢሜይል ወዲያው አንድ ኮድ ወይም የሚጫን ሊንክ ይልካል፤ ያን ኮድ መልሶ ያመጣ ሰው ሣጥኑን ለመክፈት የሚችል መሆኑን አስመሰከረ ማለት ነው። ማረጋገጫ የሚባለውም ይኸው ነው። ችኩል የሆነ ድርጅት ግን ደንበኛው እንዳይሰለችበት በመስጋት «በኋላ ያረጋግጡ» ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ያም «በኋላ» የተባለው ቀን ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል።

የአገራችን የስም አወጣጥ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። በስማችን ላይ የአባታችንን ስም እናስከትላለን እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን፥ ከነአባቱ ስም ሞክሼ የሆነ ሰው እጅግ ብዙ ነው። የእኔም የኢሜይል አድራሻ ስሜና የአባቴ ስም ሲሆን፥ አንድ የማላውቀው ሞክሼዬ ከአድራሻው መጨረሻ ያለችውን ቁጥር እየዘነጋ ነው መሰለኝ፥ ደብዳቤዎቹ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከእነዚህም አንዱ በውጭ አገር ከሚገኝ ትምህርት ቤት የተላከ ነበር። ለነጻ ትምህርት ዕድል ያቀረበው ማመልከቻ መድረሱን ገልጾ፥ የጎደለውን ሰነድ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያሟላ፥ ይህ ባይሆን ግን ማመልከቻው እንደሚሰረዝ ያሳስባል።

ትምህርት ቤቱ አካውንቱን ሲከፍትለት ማረጋገጫ አልጠየቀውም። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» በሚለው ላይ ጣቴን ባሳርፍ መክፈቻው የሚላከው ለእኔ ነበር፤ የፓስፖርቱን ቅጂ ለማየት፥ ማመልከቻውንም ለመሰረዝ በቻልሁ። ክፉ ሰው ቢያገኘው ምን ሊሆን እንደሚችል ራሳችሁ ገምቱት። ነገሩን ለላኪው ብጽፍ «ይህ አድራሻ መልስ አይቀበልም» የሚል ቃል ተመለሰልኝ። ሌላ አድራሻ ፈልጌ ጻፍሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም። ያ ወጣት ሰነዱን በጊዜው አድርሶ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዲት ኮድ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን በዚያው ደቂቃ ባወቀው ነበር።

ይህ እንግዲህ ያለ ክፋት የሆነ ነው። ታስቦበት የሚደረገው ግን የባሰ ነው። አቪናሽ ሱዶዳናንና አንድሩ ፓቨርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፥ 75 የታወቁ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን መርምረው ቢያንስ 35ቱ ለአንድ ዓይነት ተንኰል የተጋለጡ ሆነው አገኙ። ተንኰሉም እንዲህ ነው፤ ሌባው የእናንተን ኢሜይልና የራሱን የይለፍ ቃል ጽፎ፥ እናንተ ገና ሳታስቡት አካውንት ይከፍታል። ድርጅቱ ማረጋገጫ ስለማይጠይቅ ዝም ይላል። ከወራት በኋላ እናንተ በጉግል ወይም በሌላ መንገድ ስትገቡ፥ ድርጅቱ «ኢሜይሉ አንድ ነው» ብሎ ሁለቱን ያዋሕዳቸዋል። ቤቱ የእናንተ መስሏችሁ ዕቃችሁን ታስገባላችሁ፤ ሌባው ግን አስቀድሞ ያስቀረጸውን ቁልፍ ይዞ ይመላለሳል።

ማረጋገጫም ቢሆን አንድ ጊዜ ስለ ተደረገ ለዘለዓለም አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ለ12 ወራት ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ አዲሶቹ ባለ አድራሻዎች የቀድሞዎቹን ደብዳቤ እንደ ተቀበሉ በዚያው ዓመት ተሰማ። በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሁሉን ነገር የምትከፍቱ ወጣቶችም ይህን አስቡ፤ ስትመረቁ ወይም ስትዛወሩ አድራሻው ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ ያልጠየቃችሁት ማረጋገጫ ሲመጣላችሁ «ምን ቸገረኝ» ብላችሁ አትጫኑት፤ የሌላውን ሰው ቁልፍ በእጃችሁ ማጽደቅ ይሆናልና። ሁለተኛ፥ አካውንት ስትከፍቱ «ቀድሞ ተመዝግቧል» ከተባላችሁ የይለፍ ቃሉን ለውጡ፥ በዚያ የተመዘገበ የማታውቁት ስልክ ወይም ኢሜይል ቢኖር አጥፉ፥ በሌላ መሣሪያ የተከፈተውንም ሁሉ ዝጉ። ሦስተኛ፥ ለከበደ ጉዳይ ማመልከቻ ስታስገቡ አድራሻችሁን ፊደል በፊደል አንብቡት፤ ተቀበልን የሚል መልስ ሳይደርሳችሁ ሲቀርም ዝም አትበሉ።

ነገ ደግሞ ከእናንተ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን የምዝገባ ገጽ ያሠራ ይሆናል። ያን ጊዜ አለቃው «ባለጉዳዩን አታስቸግሩ፥ ማረጋገጫው ይቅር» ሊለው ይችላል። እርሱም በትሕትና «ጌታዬ፥ ባለጉዳዩን የሚያስቸግረው ኮዱ ሳይሆን ደብዳቤው ሰው ተሳስቶ ሲቀር ነው» ብሎ ይመልስለት።