የመጫወቻ መኪና ጌም እና "ተሸናፊ ይከፍላል"



ከዐስር ሶላት በኋላ በሆጤ ያለፈ ሰው የፕሌይስቴሽን ቤቶቹን ጩኸት ይሰማል። አብዛኛው የኳስ ነው፤ መኪና የሚነዱም አይጠፉም። ወጣቶች መስጂድ በር ላይ ይዘውን "ጌም ሐራም ነው ሐላል?" ይሉናል። በጅምላ ለተጠየቀ ነገር በጅምላ መመለስ አንወድም። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ጌም ነጥለን ታሪኩን እንይ፤ ማይክሮ ማሽንስ የሚባለውን።

ማይክሮ ማሽንስ መጀመሪያ ጌም አልነበረም። ጋሉብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ለገበያ ያወጣቸው፣ ልጅ በመዳፉ ብዙ የሚይዛቸው ትንንሽ መኪኖች ናቸው። በ1991 ኮድማስተርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እነዚህን መኪኖች ይዞ ጌም ሠራ። ብልሃቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። መኪናዋ የምትሮጠው አስፋልት ላይ አይደለም፤ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ፣ የፑል ጠረጴዛ ላይ፣ የተማሪ ዴስክ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ጫፍ ያለፈ ይወድቃል።

የሽቦ መኪና የነዳ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። እኛም ሽቦ አጥፈን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን፣ ረጅም መሪ ሰክተንበት ነድተናል። የሰፈሩን ቁልቁለት "ሃረጎ ነው" ብለን ስም አውጥተን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ በጎርፍ ቦይ ዳር ሠርተን፣ በአፋችን ፍሬን እየያዝን ወርደናል። ልጅ እንዲህ መጫወቱ ነውር የለበትም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከመጫወቻዎቿ መካከል ከጨርቅ የተሠራ ባለ ሁለት ክንፍ ፈረስ ነበራት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰች፤ እሳቸውም መንጋጋቸው እስኪታይ ሳቁ። ሐዲሡን አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ወደ ጌሙ እንመለስ። ደስታው ከሰው ጋር ሲጫወቱት ነው፤ ሁሉም በአንድ ስክሪን ይሮጣሉ፣ ከስክሪኑ የቀረ ነጥቡን ያጣል። ሁለተኛው በ1994 ሲወጣ ለሴጋ የተሠራው ካሴት ራሱ ሁለት ተጨማሪ የጆይስቲክ መሰኪያ ነበረው፤ አራት ልጅ ጎን ለጎን እንዲቀመጥ። ይህን እንወደዋለን። ብቻውን ስልክ ላይ ከተደፋ ልጅ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚሳሳቅ ልጅ ይሻለናል።

በ1997 ሦስተኛው ለፕሌይስቴሽን ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባ፦ ያሸነፈ የተሸናፊውን መኪና ወስዶ የራሱ ማድረግ የሚችልበት ውድድር። ብይ ስንጫወት "በላሁህ" እንደምንለው መሆኑ ነው። በ2017 በወጣው ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሳጥን መክፈት መጣ፤ የወጣልህን ትወስዳለህ። ይህን የሳጥን ነገር ኩባንያዎች በሌሎች ጌሞች በገንዘብ ሲሸጡት፣ ቤልጂየም በ2018 ቁማር ነው ብላ ከልክላለች። የሸሪዓ አገር ሆና አይደለም፤ ነገሩ ለማንም ስለሚታይ ነው።

ውድድር በራሱ ችግር የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ አወዳድረዋል፤ ለውድድር የተዘጋጁትን ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ፣ ያልተዘጋጁትን ከሠኒያ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ። ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ኢማሙ ነወዊም በ"ሚንሃጅ" ለውድድር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላቸው። እዚያ ስንቀራ በጥንቃቄ የምናየው ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። ሁለቱም ወይ ያገኛሉ ወይ ይከስራሉ ከተባለ ያ ቂማር ነው።

አሁን ወደ ሆጤ። "ተሸናፊ ይከፍላል" የሚለው ደንብ እዚህ ማንም አይገርመውም። አንድ ደረሳችን "ኡስታዝ፣ አሸናፊው እኮ አምስት ሳንቲም አይወስድም፤ ብሩ የሚገባው ለቤቱ ነው" አለን። ጥሩ ክርክር ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። ሁለት ልጆች ለአንድ ጨዋታ ሲቀመጡ የኪራዩ ግማሽ በየአንዳንዳቸው ላይ ዕዳ ነው። ያሸነፈው ዕዳውን ተሸናፊው ከፈለለት። ብር በእጁ ባይነካም የራሱ ብር ኪሱ ውስጥ ቀረ፤ ያ ትርፍ ነው። የተሸነፈው የታክሲውን ብር ከፍሎ በእግሩ ወደ ቤት ሲሄድ ደግሞ አይተናል፤ በማግስቱ "የትናንቱን ላስመልስ" ብሎ ሲመጣም እንዲሁ። የቁማርተኛ አነጋገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመቱ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

መፍትሔው ቤቱን መዝጋት ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛ አልመሰለንም። ሶላት ሲደርስ የሚያቆም፣ ትምህርቱን የማይተው ልጅ ድርሻውን ከፍሎ ቢጫወት ምን አለበት? ከሰፈራችን አንዱ ባለ ፕሌይስቴሽን ይህን ስንነግረው ሰምቶናል፤ ጆይስቲክ ከመስጠቱ በፊት ከሁለቱም እኩል ይቀበላል። መጀመሪያ ልጆቹ አጉረመረሙ፣ ሁለት ሦስቱም ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ከሳምንት በኋላ አንዱ ተመልሶ መጣ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ አምጥተውልናል፦ "ባለቤቱ ከራሱ ኪስ ለአሸናፊ አንድ ነፃ ጨዋታ ቢሸልምስ?" እዚህ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ሽልማትን በግመል፣ በፈረስና በቀስት ብቻ የወሰኑ አሉ፣ ሰፋ ያደረጉም አሉ። ከሸይኻችን ጋር እያየነው ነው፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ጁምዓ መልሱን ይዘን እንመጣለን።