ስለ ብርቱ ካርታ፦ ከላስ ቬጋስ ለታላቅ ወንድም የተጻፈ ደብዳቤ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
በወርኃ ሰኔ

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

መንገዴን በሰላም ፈጽሜ በአክስታችን ልጅ ቤት ዐርፌአለሁ።

ይህች ላስ ቬጋስ የምትባል ከተማ በ1905 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ኩባንያ መሬቱን በሐራጅ በሸጠ ጊዜ በሞሐቪ በረሓ መካከል የተቆረቈረች ስትሆን፣ በ1931 የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ቁማርን በሕግ ከፈቀደ ወዲህ፣ ጥላ በሌለበት ምድር ላይ ሌሊቱን ከቀኑ ይልቅ አብርታ የምትኖር ከተማ ሆናለች። የአገራችን ሰው በውስጧ ብዙ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው፣ በታላላቆቹ ሆቴሎች የሚያገለግለው፣ ምግብ ቤት ከፍቶ ሽሮና ክትፎ የሚሸጠው ተበራክቶ፣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። የአክስታችን ልጅም እንደሚያውቁት የሚተዳደረው በአንድ የቁማር ቤት ካርታ እየበወዘና እያደለ ነው።

ከአገር ስነሣ «ፈረንጆቹ ፖከር በሚሉት ጨዋታ እጅግ ብርቱ ካርታ የገባለት ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ያደባል ወይስ ኃይሉን በገሃድ ያሳያል?» ብለው የጠየቁኝን ስላልዘነጋሁ፣ የአክስታችንን ልጅ በእረፍቱ ሰዓት እየጠየቅሁ፣ ጨዋታውንም ከጠረጴዛው ዳር ቆሜ እየተመለከትሁ የተረዳሁትን እንደሚከተለው እገልጽልዎታለሁ።

ሥርዓቱ አጭር ነው። ለያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በኅቡእ ይታደለዋል፤ ከዚያም አምስት ካርታዎች፣ መጀመሪያ ሦስቱ ባንድነት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ፣ ለሁሉ የጋራ ሆነው በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ፤ ከሰባቱ መካከል የሚበልጡትን አምስት ያጣመረ ያሸንፋል። የጋራው ካርታ ሳይዘረጋና ከያንዳንዱ ዝርጊያ በኋላ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ፣ ተጫዋቾቹ በየተራቸው ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ሌላው ያስያዘውን ከፍሎ መከተል፣ በላዩ መጨመር ወይም ካርታን ጥሎ መውጣት የየሰው ፈቃድ ነው፤ ያስያዘ ከሌለም ሳይከፍሉ ማለፍ ይቻላል። በመካከል የሚከማቸውን ገንዘብ መደብ እያልሁ እጠራዋለሁ። ወሰን የለሽ በሚባለው ዓይነት ማንኛውም ተጫዋች ተራው በደረሰ ጊዜ በፊቱ የተቈለለውን ማርካ በሙሉ ወደ መካከል ሊገፋ ስለሚችል፣ የጨዋታው ክብደትና አስፈሪነት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ጀማሪ ሰው ብርቱ ካርታ ባገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳቡ መደበቅ ነው፤ ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ምንም እንዳልያዘ ሰው ሳይከፍል ያልፋል፤ ይህንንም እንደ ታላቅ ጥበብ ይቈጥረዋል። የአክስታችን ልጅ ግን «ብርቱ ካርታ ይዞ ሽርፍራፊ ለቅሞ የተነሣ ሰው በጠረጴዛዬ ዘወትር አያለሁ፤ ያከሰረው ደግሞ ተንኮሉ ነው» ይላል። እኔም ነገሩን በአኃዝ መርምሬ ቃሉ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ምን ቢሉ፣ የወሰን የለሽ ጨዋታ መደብ የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። በመደቡ 60 ዶላር አለ፣ በእርስዎም በተቃራኒዎም ፊት 780 ዶላር ተቀምጧል እንበል። ሦስቱ ካርታዎች እንደ ተዘረጉ የመደቡን ያህል 60 ቢያስይዙና ቢከተልዎ መደቡ 180 ይሆናል፤ በአራተኛው ካርታ 180 ቢያስይዙና ቢከተልዎ 540 ይሆናል፤ በአምስተኛው ላይ 540 ቢያስይዙና ቢከተልዎ፣ ሦስቱ ተደምረው 780 ናቸውና፣ የተቃራኒዎ ገንዘብ በሙሉ ያለ አንዳች ግርግር በሦስት እርምጃ መካከል ገብቷል ማለት ነው። ሦስቱ እንደ ተዘረጉ አድብተው ቢያልፉ ግን የሚቀሩልዎ እርምጃዎች 60ና 180 ብቻ ስለሆኑ የሚያገኙት 240 ነው። የተተወው የመጀመሪያው 60 ዶላር ይመስላል እንጂ የጠፋው የመጨረሻው 540 ነው። የመደቡን እኩሌታ እያስያዘ ለሚሄድ ትዕግሥተኛም ሕጉ አይለወጥም፤ 30፣ 60ና 120 አስይዞ 210 ሊያገኝ የነበረው ሰው አንዱን ዙር ካለፈ 90 ብቻ ያገኛል። በሰኔ ዘሩን በጎተራ ደብቆ ያሳለፈ ገበሬ በኅዳር የጎረቤቱን ያህል ልጨድ ቢል ማን ይሰማዋል?

«ተቃራኒው ገንዘብ ሲያዝበት ፈርቶ ካርታውን አይጥልምን?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምንም ያልያዘ ሰው ቢታለፍለትም ቢያዝበትም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሁለተኛውን መልካም ካርታ የያዘ ሰው ሲሆን፣ እርሱም ደስታው ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ካርታውን ለመጣል ከሁሉ ይልቅ ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ እምነትና ጥርጣሬ የሚለካው በጨዋታው ሁሉ ባሳዩት ጠባይ ነው። በ1976ና በ1977 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የቴክሳሱ ሰው ዶይል ብሩንሰን፣ «ሱፐር ሲስተም» በተሰኘው መጽሐፉ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ደካማ ካርታ ይዞ የሚያጠቃ ሰው ብርቱውንም ይዞ ሲያጠቃ ማንም ልብ ብሎ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ብርቱ ካርታ የሚሸሸገው በአርምሞ ሳይሆን ጠባይን አንድ በማድረግ ነው፤ ሲያስፈራሩ የመደቡን ሁለት ሦስተኛ ካስያዙ፣ ብርቱ ካርታም ይዘው ያንኑ ሁለት ሦስተኛ፣ በዚያው ድምፅና በዚያው ፍጥነት ሊያስይዙ ይገባል። ለብርቱው ትንሽ፣ ለደካማው ብዙ የሚያስይዝ ሰው ግን ካርታውን ገልጦ እንደሚጫወት ሰው ነው።

ሳይከፍሉ ማለፍ ሌላም ጉዳት አለው። በጠረጴዛው ላይ ሁለት የልብ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ተዘርግተው፣ ተቃራኒዎም ሁለት ልብ በእጁ ይዞ አምስተኛውን ይጠባበቅ ይሆናል። ከማያያቸው 47 ካርታዎች ዘጠኙ ስለሚያድኑት፣ በሚቀጥለው ካርታ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 19 ገደማ፣ እስከ መጨረሻው ቢቆይ ደግሞ ከመቶ 35 ያህል ነው። በ60 መደብ ላይ 10 ብቻ ቢያስይዙበት፣ ለመከተል የሚያስፈልገው ዕድል ከመቶ 12 ተኩል ነውና ከፍሎ ይጠብቃል፤ ትክክልም ያደርጋል። 30 ቢያስይዙበት ግን ከመቶ 25 ሊኖረው ይገባል፤ ኋላ ሊያገኝ የሚችለውን ትርፍ ከቈጠርን በቀር ቢከተልዎ ይከስራል። ያለ ዋጋ እንዲያይ የፈቀዱለት እንደ ሆነ ግን የሚያሸንፍዎትን መሣሪያ በነፃ አበረከቱለት ማለት ነው።

ገና ምንም ሳይዘረጋ ሁለት አስ የታደለው ሰውም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ሁለት አስ የሚገኘው ከ221 እደላ አንድ ጊዜ ነው፤ ካርታው ካልታወቀ አንድ ተቃራኒ ጋር ብቻውን ቢገጥም ከመቶ 85 ያህል ያሸንፋል፤ ዘጠኝ ሰዎች እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ግን ዕድሉ ወደ 31 ይወርዳል። ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች ወዲያው ጨምሮ ብዙዎቹን ያሰናብትና ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ጋር በተመቻቸ መደብ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ስል ማድባት ፈጽሞ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ዴቪድ ስክላንስኪ የተባለው ጸሐፊ «የፖከር ንድፈ ሐሳብ» በተሰኘው መጽሐፉ የማድባትን ሁኔታዎች ለይቶ ዘርዝሯል፤ የያዙት ካርታ እጅግ ብርቱ ሲሆን፣ ገንዘብ ቢያስይዙ ሁሉም የሚሸሽ ሲሆን፣ በነፃ የሚዘረጋው ካርታ ተቃራኒውን ሁለተኛ የሚያደርግ እንጂ አሸናፊ ሊያደርገው የማይችል ሲሆን፣ መደቡም ገና ያላበጠ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ሁለት ዘጠኝ ይዘው ሳለ ዘጠኝ፣ ዘጠኝና አራት ቢዘረጋ፣ አራቱም ዘጠኝ የእርስዎ ነውና ሌላው ሰው የሚከፍልበት ምክንያት አያገኝም፤ እዚህ ላይ አንድ ዙር አልፈው አንዳች ነገር እንዲያገኝ መጠበቅ ማስተዋል ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁኔታዎች ባንድነት የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው።

በፍሪሞንት ጎዳና፣ ቀድሞ ቢኒየንስ ሆርስሹ ይባል በነበረው ቤት፣ በ1970 የተጀመረው የዓለም የፖከር ውድድር ለብዙ ዓመታት ይካሄድ ነበር፤ የማድባት ወዳጆች ሁሉ የሚጠቅሱትም ጨዋታ በ1988 የተፈጸመው በዚሁ ቤት ነው። 167 ሰዎች ከተወዳደሩ በኋላ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ጆኒ ቻንና ወጣቱ ኤሪክ ሳይደል ለብቻቸው ቀሩ። ቻን ጃክና ዘጠኝ፣ ሳይደል ንግሥትና ሰባት ይዘው ሳለ፣ ንግሥት፣ ስምንትና ዐሥር ተዘረጋ፤ ቻን ከስምንት እስከ ንግሥት የተከታተሉ አምስት ካርታዎች ስላገኘ፣ በዚያ ሰዓት ከእርሱ የሚበልጥ ካርታ ሊኖር አይችልም ነበር። በዚያ ዙር ሁለቱም ገንዘብ አስገቡ፤ አራተኛው ካርታ ሁለት ሲሆን ቻን ሳይከፍል አለፈ፤ አምስተኛው ስድስት ሲሆን ደግሞ አለፈ። ሳይደልም የንግሥት ጥንዱ የሚያሸንፍ መስሎት የቀረውን ማርካ ሁሉ ወደ መካከል ገፋ፤ ቻን ተከተለ፤ ሁለተኛውን ተከታታይ የሻምፒዮንነት ማዕርግና 700,000 ዶላሩንም ወሰደ። ይህንኑ ጨዋታ በ1998 የወጣው «ራውንደርስ» የተባለ ፊልም ለዓለም አሳይቶታል።

ዳሩ ግን ተመልካች ሁሉ ዝምታውን ብቻ አይቶ የቀረውን ይረሳል። ቻን የገጠመው አንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው ለመክፈል የሚያበቃው ጥንድ ነበረው፤ የተዘረጉት ሁለት ካርታዎች ከቻን የሚበልጥ ካርታ የማይሠሩ ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ወደ መካከል ገብቶ መደቡ አስቀድሞ ተሰናድቷል። ያለ እነዚህ ሁኔታዎች ቻንን መምሰል የሚሻ ሰው፣ የቻንን ፊት ይወርሳል እንጂ የቻንን ገንዘብ አይወርስም።

ስለ መጨረሻው ዙር አንድ ቃል ልጨምር። ካርታው ሁሉ ተዘርግቶ ከአሁን ወዲያ የሚፈራ ነገር በሌለበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ላለማስደንገጥ ሲል ጥቂት ያስይዛል። ነገር ግን 180 አስይዞ ሁልጊዜ የሚከፈለው ሰውና 540 አስይዞ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለው ሰው ትርፋቸው እኩል ነው፤ ከሦስት አንድ ጊዜ በላይ ይከተለኛል ብሎ የሚገምት ሰው እንግዲህ ብዙውን ማስያዝ አለበት። ተቃራኒው ራሱ ብርቱ ነኝ ብሎ ሲያምን ብዙ፣ ሲጠራጠር ጥቂት ማስያዝ ነው፤ ይህን ለመለየት ደግሞ የራስን ካርታ ትቶ የሰውየውን ጠባይ ከመነሻው ጀምሮ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁልዎ ስለ ጨዋታው ጥበብ ነው እንጂ የቁማርን ነገር ለማሞገስ አይደለም። ቤቱ ከየመደቡ ላይ የድርሻውን ስለሚያነሣ፣ በችሎታ እኩል የሆኑ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ የሁሉም ኪስ እየሳሳ ይሄዳል፤ የአክስታችን ልጅም ለዓመታት ካርታ ሲያድል ከደመወዙ አንዲት ሳንቲም እንኳ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አላኖረም። እርስዎም ከወዳጆችዎ ጋር በባቄላ ቢጫወቱት አእምሮን ያነቃል፤ ልጆችዎ ግን በገንዘብ እንዳይሞክሩት አደራዬን ይጠብቁልኝ። በባቄላውም ቢሆን ብርቱ ካርታ ሲገባልዎ አያድቡ፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምረው ያስይዙ።



አክባሪዎ ታናሽ ወንድምዎ