መሣሪያው ለእጅ ነው ወይስ እጅ ለመሣሪያው?

የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በ7 ረድፍ ሲደረደሩ 231 ይሆናሉ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያለው ኪቦርድ ግን ቁልፎቹ መቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ የተጻፈባቸውም የላቲን ፊደል ነው። ታዲያ አማርኛው በየት በኩል ይግባ? እኛ የዘንድሮ ዕጩ መምህራን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደዚህ ተቋም ስንገባ፣ ብዙዎቻችን የለመድነው በስልክ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻጻፍ ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረን አልነበረም።

ነገሩ የከበደው ለማስተማር ልምምድ የ1ኛ ክፍል ሕፃናትን የንባብ ካርድ ማዘጋጀት ሲመጣ ነው። ሀ ሁ ገና ከሚቆጥር ልጅ ፊት “ሰላም”ን በባዕድ ፊደል ጽፎ መቆም ምን ይባላል? ልጁ ከዚያ የሚማረው ፊደሉ ለደብተር እንጂ ለኮምፒዩተር እንደማይሆን ነው። ይህ ደግሞ ሐሰት ነው።

ሐሰትነቱን ታሪክ ይመሰክራል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙት መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በመኪና ላይ 231 ቁልፍ መደርደር ስለማይቻል የፊደሉ አካልና የቅጥያው ምልክት ተለያይተው በየተራ ይመቱ ነበር። በኮምፒዩተሩ ዓለም ደግሞ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ 3.0 እትም ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል።

የክፍላችን ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከእኛ ዕድሜ ምን ያህል ቢርቅ ነው? የሊኑክስ ደጉ ነገር ማንም ሰው ከፍቶ በልኩ ሊያበጀው መቻሉ ነው።

አሠራሩ እነሆ። በመጀመሪያ አይባስ-ኤም17ኤን የተባለው ፕሮግራም መጫን አለበት፤ ይህን የክፍሉ ኃላፊ በአንድ ትእዛዝ ይጨርሱታል። ከዚያ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ግኖም በተባለው ዴስክቶፕ ላይ ሴቲንግስን ከፍቶ፣ ኪቦርድ የሚለውን መርጦ፣ ኢንፑት ሶርስስ ከሚለው ሥር የመደመር ምልክቷን ተጭኖ አማርኛን መፈለግ ነው። ከሚመጡት አንዱ “ሴራ” ይባላል፤ ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ተንኮል የለበትም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመሻገር ሱፐር የተባለውን፣ ብዙ ጊዜ የመስኮት ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ይበቃል።

ሴራ የሚሠራው በድምፅ ነው። ኤስን ስንመታ “ስ” ይመጣል፤ ኢን ስናስከትል ያው “ስ” ተለውጦ “ሰ” ይሆናል። ኤልና ኤ “ላ”ን፣ ኤም ብቻዋን “ም”ን ይሰጣሉ። አምስት ምት፣ አንድ ሰላም! ቲ ብቻዋን “ት” ናት፤ በሺፍት ግን “ጥ” ትሆናለች። ሁለት ነጥቧን ሁለት ጊዜ መምታት አራት ነጥብን ያመጣል። ከአንድ ሳምንት ልምምድ በኋላ የንባብ ካርዶቻችን በራሳቸው ፊደል ታትመው ወጡ።

የማውሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከመካከላችን አንድ ግራኝ ጓደኛ አለን። ልጅ ሳለ በግራው ሲጽፍ እጁ በማስመሪያ ይመታ እንደነበር አጫውቶናል። ማውሱን ከግራ አስቀምጦ ሲሠራም ጣቶቹ ይደናገሩበት ነበር። መፍትሔው ማውስ ኤንድ ተችፓድ በሚለው ገጽ ተገኘ፤ ዋናው ቁልፍ ግራው መሆኑ ቀርቶ ቀኙ እንዲሆን ማዘዝ ነው፣ በቃ። ጓደኛችን “ይኼን ያህል ቀላል ኖሯል እንዴ?” ብሎ ዝም አለ። ለኮምፒዩተር እንዲህ የቀለለ ነገር ያኔ ለአንድ አስተማሪ ለምን እንደ ከበደ ያን ቀን ማታ ብዙ ተከራከርን።

በነጋታው ግን ተረኛዋ “ማውሱ ተበላሽቷል!” ብላ ጮኸች። ለምን ቢባል፣ ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስም ነበር። ምርጫው የሚቀመጠው በገባው ሰው ስም ስለሆነ፣ ለየሰው የየራሱ መግቢያ ቢከፈት አንዱ የሌላውን አይነካም።

ከዚህም ሌላ አክሰሲቢሊቲ የሚባል ገጽ አለ፤ ለመምህር ይህ ገጽ ሀብት ነው። ሺፍትንና ሌላ ቁልፍን በአንድ ጊዜ መጫን ለማይችል ልጅ በየተራ እንዲጫናቸው ይፈቅድለታል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ቁልፉ ጥቂት ካልቆየ እንዳይቆጠር፣ ወይም ቶሎ ቶሎ የተደጋገመው እንዳይቆጠር ማድረግ ይቻላል። ማውስ መያዝ ላቃተውም በስተቀኝ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ቀስቷን ያንቀሳቅሳሉ፤ ነም ሎክ ከጠፋ በኋላ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ ይወስዳሉ፤ 5 ደግሞ ክሊክ ያደርጋል።

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ጥያቄያችን ሁለት ነው። በየኮምፒዩተሩ የአማርኛ መጻፊያ ይጫን፤ ለእያንዳንዱ ዕጩ መምህርም የራሱ መግቢያ ይከፈት። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን።

እናንተም ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ በየገጠሩ ስንበተን ኮምፒዩተር የምናገኘው ሁላችንም አይደለንም። ግራኝ ልጅ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ግን በየክፍላችን አይጠፋም። ያን ጊዜ የምንከፍተው ሴቲንግ የራሳችንን ልብ ነው። ልጁን ለወንበሩ ከማጣመም ወንበሩን ለልጁ ማቃናት ይሻላል እንላለን።