ከልጅ ልጄ ጋር ካሜራ ስንመርጥ

ባለፈው ኅዳር የልጅ ልጄን ዋሸሁት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሳገለግል ስንቱን ታካሚ «እውነቱን ካልነገርከኝ ልረዳህ አልችልም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

የምኖረው ቦሬ ነው። ለማታውቋት፣ ቦሬ ከሐዋሳ ተነስቶ በሀገረ ሰላም በኩል ወደ አዶላና ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጉጂ ደጋ ከተማ ናት። ብርዷና ጉሟ የታወቀ ነው። በክረምት ሰማይ መኖሩን እንኳ እንረሳለን፤ በጋ ገብቶ ጉሙ ሲገፈፍ ግን ከዋክብቱ ጣራ ላይ የወረዱ ይመስላሉ።

የልጅ ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ ሻኪሶ ስለምትሠራ የሚኖረው እኔ ጋ ነው። «አኮ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ለሠርግ ከውጭ አገር የመጣ የወንድሜ ልጅ አንድ ቴሌስኮፕ ትቶለት ከሄደ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል። ልጁ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንቦ ጓሮ ነው።

በዚያ ምሽት እየሮጠ መጣ።

«አኮ፣ ጁፒተርን ያዝኩት! ቶሎ ነይ፣ ያመልጠናል!»

ወጥቼ ዓይኔን ሌንሱ ላይ ደገንኩ። የታየኝ ጉም ውስጥ እንደሚመጣ የመኪና መብራት የተበተነ ብርሃን ብቻ ነበር።

«ጨረቃዎቹን አየሻቸው?»

«አየሁ እንጂ!»

«ስንት ናቸው?»

ጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች እንዳሉት ቀኑን ሙሉ ሲነግረኝ ስለዋለ ያለ ማመንታት «አራት» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ሳያነሳ፣ «አኮ፣ ትናንት የሚታዩት ሦስት ነበሩ። አንዷ ከጁፒተር ጀርባ ነበረች» አለኝ።

አፈርኩ። ይህን ዘዴ እኔው ራሴ ስሠራበት ኖሬያለሁ። ዓይኑ የደከመ ሰው የእይታ መለኪያው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች ከፊቱ ከቆመው ታካሚ ሰምቶ በቃሉ ይይዛቸዋል። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ገልብጬ እጠይቀዋለሁ። አሁን ልጁ ሳያስበው ሰሌዳውን ገለበጠብኝ።

የዓይን ሞራ እንዳለብኝ ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ለቀዶ ሕክምናው ከጡረታዬ ላይ እየቆጠብኩ ገንዘቡን ቁም ሳጥን ውስጥ በፖስታ አስቀምጫለሁ። ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፤ ፈርቼ ነው። ለሌላው ሰው «ቀላል ነው፣ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም» የምንል እኛ ተራው ሲደርሰን ከሁሉ በላይ እንፈራለን።

በወጣትነቴ ነገሌ ስሠራ ዓይኔ እንዲህ አልነበረም። ለክትባት ገጠር ስንወጣ ደጅ ተቀምጠን እናመሽ ነበር። ቦረናዎች ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደምትወጣ እያዩ ወሩንና ቀኑን የሚቆጥሩ «አያንቱ» የሚባሉ አዋቂዎች አሏቸው። ዘመን መቁጠሪያቸው 12 የጨረቃ ወራትና 27 የቀን ስሞች አሉት፤ መሣሪያቸው ዓይናቸውና ትውስታቸው ብቻ ነው። እነሱ «ቡሳን» የሚሏቸውን አንድ ላይ የተሰባሰቡ ከዋክብት ያኔ አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። አሁን ብጭጭ ያለ ነገር ናቸው።

ከዚያ ቁርስ ወዲህ ልጁ ማታ አይጠራኝም። ቂም ይዟል ብዬ አዘንኩ። ለካ ሌላ ነገር ሲያስብ ኖሯል። አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ካሜራ ብንገዛ እኮ በላፕቶፑ ስክሪን አንቺም ታያለሽ» አለኝ። ከሁሉ በላይ ያለውን ካሜራ ደብተሩ ላይ አስምሮበታል። ዋጋውን ሳሰላው ፖስታዬ ውስጥ ካለው ጋር ሊቀራረብ ጥቂት ነው የቀረው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት ፖስታውን አውጥቼ ቆጥሬዋለሁ። የዋሸሁትን በካሜራ ልክሰው አሰብኩ። ያዳነኝ አንድ የድሮ ትዝታ ነው። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ውድ መሣሪያ መጣልን። ከእኛ መብራት ጋር የማይስማማ ስለነበር ከካርቶኑ ሳይወጣ ዓመታት ተቀመጠ። ሥራውን ስንሠራ የኖርነው በአሮጌው ማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ጠዋት ልጁን ጠርቼ፣ «ውዱን ከመግዛታችን በፊት የእኛ ቴሌስኮፕና የእኛ ላፕቶፕ ምን እንደሚችሉ እንይ» አልኩት። ሁለታችንም ብዕር ይዘን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የገባን ነገር ሠርግ የሚነሳበት ዓይነት ትልቅ ካሜራ እንደማያስፈልገን ነው። ጁፒተር በስፋቱ ከምድር 11 እጥፍ ቢሆንም ከርቀቱ የተነሳ በቴሌስኮፕ ውስጥ ነጥብ ያህል ነው። ትንሽ ነገር ለመቀበል ሰፊ ሴንሰር ምን ያደርጋል? ትንሽ ሴንሰር ያለው፣ በዓይን ሌንሱ ምትክ የሚሰካ ካሜራ ይበቃል። የመሰኪያው ስፋት በአብዛኛው ቴሌስኮፖች ላይ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገዢ መጀመሪያ እሱን ይለካ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በቀትር ወደ ነገሌ ስትወርዱ ከአስፋልቱ ላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል? ማታም ከላያችን ያለው አየር እንዲሁ ይንቀጠቀጣል፤ ፕላኔቷን ያደበዝዛታል። ስለዚህ የፕላኔት ፎቶ አንሺዎች አንድ ፎቶ አያነሱም። ቪዲዮ ይቀርጻሉ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ይሰበሰባሉ፤ አየሩ ለቅጽበት ጸጥ ያለባቸውን ጥቂቶቹን ፕሮግራሙ ይመርጥና አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ጥርት ያለ ምስል ያወጣል። መቅረጫው ፋየርካፕቸር፣ መራጭና ደራቢው አውቶስታከርት ይባላሉ፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ቪዲዮው ግን መርዘም የለበትም። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ በራሷ ዛቢያ ስለምትዞር ከሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ ፊቷ ይንሸራተታል።

ታዲያ ፈጣኑን ካሜራ አንገዛም? እዚህ ላይ ልጁ ራሱን ያዘ። ላፕቶፓችን አሮጌ ነው፤ የዩኤስቢ መሰኪያው የድሮው ዓይነት፣ ባለ ቁጥር ሁለት ነው። ያ ውድ ካሜራ በዚህ መሰኪያ ሲያልፍ የፍጥነቱን ብዙ ክፍል ያጣል። ሰፊ ቧንቧ ገዝቶ በጠባብ ጉሮሮ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ሦስተኛው የፒክሰሉ መጠን ነው፤ ይህ ለእኔ ቀለለኝ። ፒክሰል የሚለካው በማይክሮ ሜትር ነው፣ እኛም ቀይ የደም ሴልን የምንለካው በእሱ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል 7 ያህል ነው፤ ያሰብነው ካሜራ ፒክሰል 3 ነው። ፎቶ አንሺዎቹ የሚሉት ቀላል ስሌት አለ። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር የፒክሰሉን አምስት እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። የእኛ 900 ሚሊ ሜትር ለ114 ሲካፈል ወደ 8 ይጠጋል። ለ3 ማይክሮ ሜትር ደግሞ 15 ያስፈልጋል። ቴሌስኮፑ ሳጥን ውስጥ ባርሎ የሚባል ሁለት እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ነበር፤ እሱ ሲጨመር 16 ገደማ ሆነ። ልጁ ከወንበሩ ዘለለ። ሳንገዛ ያለን ነገር ኖሯል!

በመጨረሻ ኤስቪቦኒ 105 የሚባለውን የጀማሪ ካሜራ መረጥን። ባለ ቀለም ነው፤ በአሮጌው ዩኤስቢ ይሠራል፤ ለማዘዣ የተጻፈው ዋጋ ከ100 ዶላር በታች ነበር። የፖስታዬን ጥቂቱን ብቻ ነክተን ከዱባይ በሚመላለስ ዘመድ በኩል አስመጣነው። እስኪመጣ ድረስ ስልክ ከቴሌስኮፕ ጋር በሚያያይዝ መያዣ የራሳችንን ጨረቃ አነሳን። እጃችሁ ላይ ስልክ ብቻ ካለ በእሱ ጀምሩ፤ ለጨረቃ ድንቅ ነው።

ካሜራው በጥር መጣ። የመጀመሪያው ማታ ምንም አላየንም። ካሜራው የሚያየው የሰማይ ቁራጭ በጣም ጠባብ ስለሆነ ጁፒተርን እዚያ ውስጥ ማስገባት ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባት ያህል ነው። ቢገባም ምድር ስለምትዞር ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣል። በሦስተኛው ማታ ልጁ መላ አገኘ። ባርሎውን አወለቀ፣ በጨረቃ ላይ ፎከሱን አስተካከለ፣ ከዚያ ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር አዞረ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ እስኪቃረብ አጎነበስኩ።

ልጁ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ጁፒተር ነጭ ኳስ ሆነችና ነጥቦቹ ብቅ አሉ። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። አንድ በግራ፣ ሁለት በቀኝ።

«ሦስት» አልኩት።

«ሦስት ናቸው» አለ።

ከዚያ ባርሎውን መልሶ ብርሃኑን ዝቅ ሲያደርገው ነጥቦቹ ጠፍተው በኳሱ ላይ ሁለት ቡናማ መቀነቶች ታዩ። ምስሉ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል፤ መቀነቶቹ ግን እዚያው ናቸው። ልጁ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ጁፒተርን ሲያይ መጀመሪያ የቆጠረው ሦስት ብቻ እንደነበር፣ አራተኛዋን ያገኘው ከቀናት በኋላ እንደሆነ ነገረኝ።

«እሱ ግን ያላየውን አየሁ አላለም» አልኩት። «እኔ በዚያን ማታ ምንም አላየሁም ነበር። ዓይኔ ሞራ አለበት። ደብቄህ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «መርፌ ውስጥ ክር እንዳስገባልሽ የምትጠሪኝ እኮ እኔን ነው።» ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ትልቁን ካሜራ ያልገዛነው ለዓይንሽ እንዲተርፍ ነው አይደል? ታዲያ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ልጅ ሲጠይቅ ማምለጫ የለም።

በየካቲት ሐዋሳ ሄጄ የቀኝ ዓይኔን ተሠራሁ። አልዋሽም፣ ጠረጴዛው ላይ ስወጣ ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ግን ቀላል ነው፣ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም።

ለወላጆችና ለአያቶች ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው እንደ ጤና ባለሙያ ነው። ልጆች ቴሌስኮፑንም ካሜራውንም በቀን ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩ አደራ። የዓይን የውስጥ መጋረጃ ሲቃጠል ሕመም ስለማይሰማው ልጁ ሳያውቀው ይጎዳል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ በመጣ ጊዜ ጎረቤቶቼን ቤት ለቤት እየዞርኩ የለመንኩት ይህንኑ ነው። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ ፊት ካልተገጠመ መሣሪያው በቀን ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ሁለተኛው፣ ልጅ ውድ ዕቃ ሲጠይቃችሁ «አይሆንም» ከማለታችሁም ሆነ ፖስታችሁን ከመፍታታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ። ቤት ያለውን ዕቃ ልኩ፣ ቁጠሩ፣ አካፍሉ። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእኔ ልጅ አንድ ቀን እዚያ የመሥራት ምኞት አለው። እንግዲህ እሱ ያውቃል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ ያገኘሁት አብሬው ብዕር ይዤ የተቀመጥኩበትን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ጠራኝ። ካሜራውን አውልቆ የዓይን ሌንሱን መልሶታል። በተሠራው ዓይኔ አየሁ።

«ስንት ናቸው?»

ጊዜ ወሰድኩ። «ሁለት በግልጽ። ሦስተኛዋን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ሌንሱ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እኔም እሷን በደንብ አላየኋትም» አለኝ።